የምትሰበር ክንድ ያለው «የማይሰበር» ሞተር፦ የካዋሳኪ ኬኤልአር 650 ጉዳይ

ካዋሳኪ ኬኤልአር 650 በሞተር ሳይክል ዓለም የጥንካሬ ምሳሌ ተደርገው ከሚጠቀሱ ጥቂት ስሞች አንዱ ነው። በ1987 ለገበያ ከቀረበ በኋላ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህ ነው የሚባል ለውጥ ሳይደረግበት እስከ 2007 ተሸጠ። ዋጋው ርካሽ ነበር። የነዳጅ ታንከሩ 23 ሊትር ይይዛል፤ አሠራሩም የትም አገር ያለ መካኒክ አይቶ የሚገባው ዓይነት ነው። ስለዚህ አህጉር ለማቋረጥ የተነሣውም፣ በየቀኑ ወደ ሥራ የሚመላለሰውም፣ በሜዳው ላይ ከብቶቹን የሚከታተለው አርቢም ገዛው። የአሜሪካ ማሪን ጦር ደግሞ ሞተሩን በናፍጣና በወታደራዊ የአውሮፕላን ነዳጅ እንዲሠራ አስለውጦ ታጠቀው።

ይኸው ሞተር ሳይክል በሆዱ ውስጥ በመዳፍ የምትደበቅ አንዲት የብረት ክንድ አለችው። ክንዷ ትሰበራለች። ባለቤቶቹ ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ «ዱሂኪ» (በእንግሊዝኛ «ስሙ የጠፋብኝ ዕቃ» እንደማለት) የሚል የቀልድ ስም እስከማውጣት ደርሰዋል። ስለ ኬኤልአር ሁለት ባለቤቶች ተገናኝተው ካወሩ ከሰላምታ ቀጥሎ የምትነሣው እርሷ ናት። ፋብሪካው ግን ለሃያ ዓመታት ያህል አልነካትም። እንዲህ ያለ እንከን የተሸከመ ሞተር የጠንካራነት ስሙን እንዴት ጠበቀ? ስሙስ ይገባዋል? የዛሬዎቹ ሞተር ሳይክሎች ለረጅም ዘመን ይታመናሉ ወይ ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም።

ክንዷና ሞላው

የኬኤልአር 650 ሞተር ባለ አንድ ሲሊንደር ነው። ይዘቱ 651 ሲሲ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 100 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 83 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን የሚያህል ፒስተን በአውራ ጎዳና ፍጥነት በደቂቃ 5 ሺህ ዙር አካባቢ ሲወጣና ሲወርድ እንዲሁ ቢተው የአሽከርካሪውን እጅ ያደነዝዛል፣ ቡሎን ይፈታል፣ ብረት ይሰነጥቃል። መሐንዲሶቹ ንዝረቱን ለማብረድ የፒስተኑን ምልልስ ወደ ዙር ከሚለውጠው ዘንግ (ከክራንክ ሻፍቱ) ፊትና ኋላ፣ ወደ አንድ ጎን ክብደት የተጫነባቸው ሁለት ማመጣጠኛ ዘንጎች አስቀመጡለት። ዘንጎቹን የሚያዞራቸው በሞተሩ ግራ በኩል፣ ከክዳን ጀርባ የተሸሸገ ሰንሰለት ነው።

ሰንሰለት ደግሞ በጊዜ ብዛት ይላላል። በሌሎች ብዙ ሞተሮች ላይ ማመጣጠኛ ዘንጎች የሚዞሩት በጥርስ ነው፤ የሚወጠር ነገር የለም። ካዋሳኪ ግን ሰንሰለቱን መረጠና የመወጠሩን ሥራ ለባለቤቱ ተወለት። በሞላ የምትሳብ ክንድ አለች፤ ክንዷን ባለችበት የሚቆልፍ አንድ ቡሎን አለ። መመሪያው የሚያዘው ቀላል ነው። በክዳኑ ላይ ያለው የጎማ ውታፍ ይነሣል፣ ቡሎኑ ጥቂት ይላላል፣ ሞላው ክንዷን ስቦ የሰንሰለቱን ልል ይወስዳል፣ ቡሎኑ ተመልሶ ይጠብቃል። ቡና ሳይፈላ የሚያልቅ ሥራ ነው።

ሐሳቡ ምንም አይወጣለትም። ችግሩ ያለው ከብረቱ ላይ ነው። በቀደሙት ሞዴሎች ክንዷ አንድ ወጥ አልነበረችም፤ ከሁለት ቁርጥራጭ ተበይዳ የተሠራች ናት። ብየዳው ይሰነጠቃል፤ በዘንጓ ላይም በልኳ ስለማትቀመጥ በየዙሩ ትንገጫገጫለች። ሞላው ደግሞ ወይ ይበጠሳል፣ ወይ ሳይበጠስ ሥራ ያቆማል። ክንዷ ጥቂት ከተንቀሳቀሰች በኋላ ሞላው ተሰብስቦ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚስብበት ጉልበት የለውም።

ከሁለቱ እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የሞላው ነው። የተሰበረች ክንድ ቢያንስ ግልጽ ብልሽት ናት። ሞላው ሲደክም ግን መመሪያውን በታማኝነት የሚከተለው ባለቤት ራሱ ጉዳት አድራሽ ይሆናል። ቡሎኑን ሲያላላ ሞላው ክንዷን መሳብ አለበት። ሞላው ከሞተ የሚስባት የለም፤ ሰንሰለቱ ራሱ ክንዷን ወደ ኋላ ሊገፋት ይችላል። ባለቤቱ ቡሎኑን ሲያጠብቅ ሰንሰለቱ ከቅድሙ የባሰ ላልቶ ይቆለፋል። ከውጭ ሆኖ ይህን የሚያይ የለም። ሰውየው እጁን ጠርጎ፣ በደብተሩ ላይ «ተስተካክሏል» ብሎ ጽፎ ይሄዳል። ጥገናውን የዘነጋ ሰው ከእርሱ የተሻለ ዕድል ያለው መሆኑ የዚህ ንድፍ ትልቁ ነውር ነው።

ልል ሰንሰለት ምን ያመጣል? ብዙ ጊዜ ለረጅም ዘመን ምንም። ሞተሩ ከወትሮው ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴ ከግራ በኩል የማንኳኳት ድምፅ ይሰማል፤ ነገር ግን ድሮም የሚንቀጠቀጥና የሚያንኳኳ ሞተር ስለሆነ የሚጠረጥር የለም። ክንዳቸው ለሁለት ተከፍላ ሳለ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የተነዱ ሞተሮች ጥቂት አይደሉም። ባለቤቶቹ የሚያውቁት ሞተሩን ሲከፍቱት ነው፤ ቁራጯ ከታች ዘይት ውስጥ ተኝታ ትገኛለች። ዕድል የጎደለበት ጊዜ ግን የላላው ሰንሰለት በዙሪያው ያለውን ይበላል፣ ወይም የተሰበረችው ቁራጭ ከሚሽከረከር ነገር ጋር ትጋጫለች፤ ያን ጊዜ የሚከፈለው ሒሳብ የሞተር ሳይክሉን ዋጋ ይጠጋል።

ጋራዥ ውስጥ

መፍትሔው የመጣው ከፋብሪካ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከባለቤቶቹ መካከል ብረት መሥራት የሚችሉ ሰዎች ከአንድ ወጥ ብረት የተፈለፈለች፣ በዘንጓ ላይ ተጣብቃ የምትቀመጥ ክንድ ሠርተው መሸጥ ጀመሩ። በኋላም የሚለጠጠውን ሞላ ትተው በጥምዝ የሚሠራ ሞላ ጨመሩበት፤ ይህኛው ክንዷ በምትሄድበት ርቀት ሁሉ ጉልበቱ ሳይቋረጥ ይገፋል። ዋጋው ጥቂት አሥር ዶላሮች ነው።

ሥራው ለጀማሪ የሚከብድ ይመስላል እንጂ ቅዳሜን የሚሻገር አይደለም። ዘይቱ ይቀዳል። ከሥር ያለው መከላከያና የእግር ማርሹ ይወልቃሉ። የግራው የውጭ ክዳን ሲነሣ የዳይናሞው ተሽከርካሪ ክፍል፣ ሮተሩ፣ ይታያል፤ ሮተሩ በብርቱ የተጣበቀ ስለሆነ ማዕከላዊውን ቡሎን ለመፍታት አንድ መያዣ፣ ከዘንጉ ለማላቀቅ ደግሞ መንቀያ መሣሪያ ያስፈልጋል። መዶሻ የሚያነሣ ሰው እዚህ ላይ ይጸጸታል። ሮተሩ ሲላቀቅ የውስጠኛው ክዳን ይነሣል፣ ከኋላውም ሰንሰለቱ፣ ክንዷና ሞላው ይገለጣሉ። ሞላውን በጣት ነካ አድርጎ የሚወዛወዝ ከሆነ መሞቱን ማወቅ ይቻላል። አሮጌዋ ትወጣለች፣ አዲሲቱ ትገባለች፣ ጓርኒሲዮኑ (ዘይት እንዳይወጣ በክዳኑ መጋጠሚያ የሚገባው ማሸጊያ) ይቀየራል፣ ሁሉም በቦታው ይመለሳል። ሁለቱን መሣሪያዎች ባለቤቶች በፖስታ ሲዋዋሱ ኖረዋል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የምለው አለኝ። ለረጅም ዘመን መታመን ማለት ብዙ ሰው እንደሚያስበው «ምንም አለመበላሸት» ቢሆን ኖሮ ኬኤልአር ገና ድሮ ከዝርዝሩ በወጣ ነበር። ስሙን ያቆየለት ሌላ ነገር ነው። የሚበላሸው ምን እንደሆነ ይታወቃል፤ ሳይበላሽ አስቀድሞ መለወጥ ይቻላል፤ መለወጡ ርካሽ ነው፤ የሚለውጠውም ባለቤቱ ራሱ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሞዴሉ በየዓመቱ ስላልተቀያየረ በ1990 የተገኘው እውቀት በ2005ም ይሠራል። የመጀመሪያው ባለቤት የተቃጠለበት ነገር ለመቶኛው ባለቤት መመሪያ ሆኗል። ይህ እውቀት ከብረቱ እኩል የሞተር ሳይክሉ ክፍል ነው ብል አላጋነንኩም።

ይህ ግን ፋብሪካውን ነጻ አያወጣም። የእጅ ባለሙያዎች በትርፍ ጊዜያቸው የፈቱትን ችግር አንድ ግዙፍ ኩባንያ ለሁለት አሥርት ዓመታት ሳይነካው መቆየቱ አቅም በማጣት አይደለም። ምክንያቱ ከሒሳብ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ክንዷ የምትሰበረው በአብዛኛው ዋስትናው ካለፈ በኋላ ነው፤ ስትሰበርም ብዙ ጊዜ ሞተሩን አታቆመውም፤ ፍሬን ወይም መሪ ስላልሆነችም በደኅንነት ጉድለት ሞተሮቹን መልሶ ለመጥራት አታስገድድም። የኩባንያው ሰነድ ላይ ችግሩ የለም ማለት ይቻላል። ባለቤቱ ኪስ ውስጥ ግን አለ።

2008፦ የተሻሻለው ዘይት ሲበላ

በ2008 ካዋሳኪ ሞተር ሳይክሉን በሰፊው አሻሻለ። የፊት ሹካው ከ38 ወደ 41 ሚሊ ሜትር ወፈረ፣ የፊት ፍሬኑ ተለቀ፣ የኤሌክትሪክ አቅሙ ጨመረ፣ ንፋስ መከላከያው ሰፋ፣ ምርቱም ወደ ታይላንድ ሄደ። ክንዷም በመጨረሻ ታሰበች፤ ያለብየዳ፣ አንድ ወጥ ሆና ተሠራች። ሞላው ግን እምብዛም አልተሻለም፤ አዳዲስ ሞተሮችን የከፈቱ ባለቤቶች ከጅምሩ ጉልበት ያነሰው ሞላ ማግኘታቸውን ቀጠሉ። ግማሽ መፍትሔ ነበር።

የባሰው ከሌላ በኩል መጣ። ከመጀመሪያዎቹ የ2008 ምርት ሞተሮች አንዳንዶቹ በተለይ በአውራ ጎዳና ላይ በፍጥነት ሲነዱ ዘይት ይበሉ ጀመር። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው ምክንያት የፒስተን ቀለበቶቹ የሲሊንደሩን ግድግዳ የሚጫኑበት ጉልበት ማነሱ ነው። ሞተሩ የሚይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ስለሆነ ጠዋት ሞልቶ የወጣ ሰው ረጅም ቀን ነድቶ ማታ በአደገኛ መጠን ጎድሎ ሊያገኘው ይችላል። ሳያዩ የቀጠሉ ሰዎች ሞተራቸው ዘይት አጥቶ ተጣብቆ ቆመባቸው። አንዳንዶቹ በዋስትና ተለወጠላቸው፤ ሌሎቹ ሲሊንደሩን አስፍተው ሞተሩን ወደ 685 ሲሲ የሚያሳድግ ሌላ ፒስተን አስገቡ፤ የተቀሩት ደግሞ ነዳጅ በቀዱ ቁጥር በጎን ባለችው መስታወት ዘይቱን እያዩ መኖር ለመዱ። በኋላ በወጡት ምርቶች ላይ ቅሬታው ረገበ።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ገዢን ይመለከታል። «ኬኤልአር ጠንካራ ነው» የሚለው አባባል የተገነባው በ1987ና በ2007 መካከል በተሠሩት ላይ ነው። የ2008ቱ ገዢ የገዛው ያን ስም ነው እንጂ ያን ሞተር አይደለም። አንድ ሞዴል ሲሻሻል የቀደመው ዝናው በከፊል ይሰረዛል፤ ከዜሮ ባይሆንም ከአጠገቡ ይጀምራል። የጃፓን ስም፣ የጀርመን ስም እያልን በጅምላ የምንፈርድ ሰዎች ይህን እንዘነጋለን። የሚታመነው የተወሰነ ሞተር፣ የተወሰነ ዓመት፣ የተወሰነ ባለቤት ያለው ነው። ከሁለት ሻጮች አንዱ አነስተኛ ኪሎ ሜትር፣ ሌላው የጥገና ደብተር ቢያሳዩኝ ደብተሩን እመርጣለሁ፤ በደብተሩም ውስጥ የምፈልገው ክንዷ መቼ እንደተለወጠችና የትኛው ሞላ እንደገባ ነው።

ሌሎቹን ጉድለቶች በአጭሩ ልለፍ፤ ባሕርያቸው አንድ ነው። ነዳጅን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር የሚተነፍስበት ቱቦ ወደ ታች ስለሚወርድ ጥልቅ ውኃ ሲሻገሩ ጫፉ ይሰጥምና ሞተሩ ይጠፋል፤ ባለቤቶቹ ከታንከሩ ሥር ሁለተኛ ቱቦ ቀጥለው ገላገሉት። የጎን መቆሚያው ማብሪያ ጭቃ ሲገባው ሞተሩን ያጠፋል። የኋላውን ሻንሲ ከዋናው ጋር የሚያያይዙት የላይኛዎቹ ሁለት ቡሎኖች ደግሞ ሻንጣ የጫነ ሰው በኮረኮንች ሲነዳ ይቆረጣሉ። ከካይሮ ወደ ኬፕታውን በኢትዮጵያ በኩል ሲወርዱ የኖሩ ባለሞተሮች ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት ያለውን የኬንያ መንገድ፣ አስፋልት ከመልበሱ በፊት፣ በሾክና በሻንሲ ሰባሪነቱ ያውቁታል፤ ለእንዲህ ዓይነት መንገድ እነዚያ ሁለት ቡሎኖች የሚበቁ አልነበሩም። እዚህም ላይ መድኃኒቱን ያገኙት ባለቤቶች ናቸው። ሻንሲውን ከዳር እስከ ዳር በስተው አንድ ረጅምና ጠንካራ ቡሎን ያሳልፋሉ።

ብልሽት የማይታይበት ዘመን

ኬኤልአርን ከዘመኑ ባላንጣዎች ጋር ሳያነጻጽሩ ፍርዱ ሚዛን አይደፋም። ቢኤምደብሊው በ2004 ያወጣው አር 1200 ጂኤስ በኃይል፣ በምቾትና በመንገድ አያያዝ ከኬኤልአር ጋር በአንድ መስመር አይቆምም፤ እጅግ የላቀ ነው። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በቁልፉ ዙሪያ ያለችው፣ የቁልፉን ቺፕ የምታነብ የቀለበት አንቴና ትበላሽ ነበር። አንቴናዋ ቁልፉን ካላወቀች ኮምፒውተሩ ሞተሩን አያስነሣም። ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ባትሪው ሙሉ ነው፣ ነዳጁ አለ፣ አሽከርካሪው ትክክለኛውን ቁልፍ ይዟል፤ ሞተር ሳይክሉ ግን ከቆመበት አይንቀሳቀስም። ሩቅ የሚሄዱ ሰዎች መለዋወጫ አንቴና በሻንጣቸው ይዘው መዞር ጀመሩ።

ሁለቱን ብልሽቶች ጎን ለጎን ማየት ጠቃሚ ነው። የኬኤልአሯ ክንድ ተሰብራም ሰውየውን ቤቱ ታደርሰዋለች፤ አንቴናዋ ግን ምንም ሜካኒካዊ ጉዳት ሳይኖር መንገድ ላይ ታስቀረዋለች። በሌላ በኩል ክንዷ ሞተሩን ቀስ በቀስ ልትገድለው ትችላለች፤ አንቴናዋ ስትለወጥ ግን የተጎዳ ነገር የለም። የትኛው ነው ይበልጥ የሚታመነው? ለከተማ ሰው፣ የኩባንያው ጋራዥ አሥር ኪሎ ሜትር ላይ ላለው፣ ጀርመኑ። ምንም በሌለበት በረሃ መካከል ላለ ሰው ጃፓኑ። ቦታውን ሳይጠይቅ «የቱ ይሻላል» ለሚል ሰው መልስ የለኝም።

ኤሌክትሮኒክስ ሁሉ ጠላት ነው የሚሉ የድሮ ሰዎችም ልክ አይደሉም። የኬኤልአር ካርቡሬተር ለወራት ሲቆም ነዳጁ ደርቆ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ በአሜሪካ የኮሎራዶን ከፍተኛ የተራራ መተላለፊያዎች ሲወጣ ይታፈናል። በመርፌ የሚረጭ የነዳጅ ሥርዓት ለአየሩ መሳሳት ራሱን ያስተካክላል፤ በአብዛኛውም ለዓመታት ማንም ሳይነካው ይሠራል። ሲበላሽ ግን የሚበላሽበትን ምክንያት በዓይን ማየት አይቻልም፤ ኮድ የሚያነብ መሣሪያ ይፈልጋል።

ካዋሳኪም በመጨረሻ ወደዚያው ሄደ። ካርቡሬተር ያለው ኬኤልአር በ2018 አበቃ። በ2021 መጀመሪያ ኩባንያው የ2022 ሞዴል ብሎ መልሶ አስተዋወቀው፤ በአሜሪካ መነሻ ዋጋው 6 ሺህ 699 ዶላር ነበር። ነዳጁ አሁን በመርፌ ይረጫል፤ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል ፍሬንም ለፈለገ ተጨማሪ ከፍሎ ያገኛል። ሞተሩ በመሠረቱ ያው ነጠላ ሲሊንደር ነው፤ የመንዳት ስልት የሚመርጡበት ኤሌክትሮኒክስ አልተጨመረበትም።

እኔን ይበልጥ የሳበኝ ለውጥ ግን ብዙ ያልተወራለት ነው። የኋላው ሻንሲ ከዋናው ጋር አንድ ሆነ። የሚቆረጡት ቡሎኖች አሁን የሉም፤ ፋብሪካው ለሠላሳ ዓመት የኖረ ቅሬታ ሰምቶ ከሥሩ ነቀለው። ሻንጣ ጭኖ በኮረኮንች የሚነዳው ሰው ተገላገለ። ነገር ግን አሮጌው ኬኤልአር ከኋላ ተመትቶ ሲጣመም ቡሎኖቹ ተፈተው ከወዳደቀ ሞተር ሳይክል የተገኘ ሌላ የኋላ ሻንሲ በአንድ ከሰዓት ይገጠምለት ነበር። የአዲሱ ጅራት ሲጣመም የተጣመመው ሻንሲው ራሱ ነው፤ ቁጥር የተመታበት፣ ሰነድ የተያያዘበት። ካዋሳኪ በየመንገዱ የሚደርሰውን ትንሽ ብልሽት አስቀርቶ አልፎ አልፎ የሚመጣውን ትልቅ ብልሽት መረጠ ማለት ነው። ለአብዛኛው ገዢ ምርጫው ትክክል ነው እላለሁ፤ ከአንድ በላይ ባለቤት ለሚያሳልፈው፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ለሚወድቀው ሞተር ሳይክል ግን እርግጠኛ ሆኖ ለመፈረም የ2022ቱ ሞዴሎች ገና ልጆች ናቸው።